ከግሉተን ነጻ ምግብ፦ እህሉ በእጃችን፣ ፈተናው ቅልቅሉ

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው መሸንቲ ከባሕር ዳር ሳተላይት ከተሞች አንዷ ናት። በዙሪያዋ ያሉ አርሶ አደሮች በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ በስፋት ያመርታሉ። በገበያ ቀን በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ገዢ ከሚጠብቀው እህል አብዛኛውን አንድ ነገር ያመሳስለዋል፤ በተፈጥሮው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን የለውም።

ጉዳዩ ለብዙው ሸማች ትርጉም ላይኖረው ይችላል። ስንዴና ገብስ በሐኪም ለተከለከለ ሰው ግን ጤናው የሚወሰነው በዚህ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እንዲህ ያለ ሰው የሚበላውን ለማግኘት ልዩ መደርደሪያ ይፈልጋል፤ ልዩ ዋጋም ይከፍላል። እ.አ.አ በ2008 በካናዳ የታተመ ጥናት ከግሉተን ነጻ ተብለው የሚሸጡ ምግቦች ከመደበኛዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው በአማካይ በ242 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች በቅናሽ የሚሸጡ መደብሮችን እያሳደዱ ዱቄት፣ ብስኩትና ፓስታ የሚሸምቱትም ለዚህ ነው።

በመሸንቲና በጣና ዙሪያ ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። ከውጭ የሚገባ የታሸገ ዱቄት መፈለግ አያስፈልግም፤ እህሉ ደጃፍ ላይ አለ። እዚህ ያለው ፈተና ጤፉና ዳጉሳው ከአውድማ ተነስቶ ምጣድ ላይ እስኪሰጣ ድረስ ባለው መንገድ ከስንዴና ከገብስ ጋር መቀላቀሉ ነው። ርካሽና አስተማማኝ ምግብ የሚገኘውም ይህ መንገድ ሲጠበቅ ብቻ ነው።

ግሉተን ምን ያደርጋል?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በሀገራችን እምብዛም በማይታወቀው ራይ በተባለ እህል ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት ነው። የስንዴ ሊጥ ሲሳብ የሚለጠጠው፣ ዳቦም ነፍቶ የሚቆመው በእሱ ምክንያት ነው። ለአብዛኛው ሰው ምንም ጉዳት የለውም።

ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ግን ግሉተን ሲመገብ የገዛ አካሉ የመከላከያ ሥርዓት የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃል። አንጀቱ ሲጎዳ ከምግብ የሚገኘውን ብረት፣ ካልሲየምና ሌላውን ንጥረ ነገር መምጠጥ ያቅተዋል። በዚህም ሳቢያ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክብደት መቀነስና ደም ማነስ ይከተላል፤ በሕጻናት ላይ ደግሞ የዕድገት መቀንጨር ያስከትላል። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ ሕመሙ እንዳለበት ይገመታል። እስካሁን ያለው ሕክምና አንድ ነው፤ ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ መተው።

የሕመሙና የስንዴ ግንኙነት የታወቀው በኔዘርላንዳዊው የሕጻናት ሐኪም ቪለም ዲከ ጥረት ነው። ሐኪሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.አ.አ በ1944 እና 1945 ክረምት ሀገሩ በረኃብ ስትመታና ዳቦ ሲጠፋ፣ በዚህ ሕመም የሚሠቃዩ ሕጻናት ሲሻላቸው አስተዋለ። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰባቸው። ከዚያ በፊት የጀመረው ምርምርም በዚህ ተጠናክሮ እ.አ.አ በ1950 ለዶክትሬት ማሟያ ባቀረበው ጽሑፍ ተደመደመ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። የሆድ መነፋትና ተቅማጥ በአካባቢያችን በጃርዲያ፣ በአንጀት ትላትልና በሌሎችም ምክንያቶች የሚከሰት የተለመደ ችግር ነው። ሆዱ የተነፋ ሁሉ ሴሊያክ አለበት ማለት አይደለም። ሴሊያክ የሚለየው በደም ምርመራና ከትንሹ አንጀት በሚወሰድ ናሙና ነው። ከምርመራው በፊት ስንዴና ገብስ ማቆም ደግሞ ውጤቱን ያዛባል። ስለዚህ የተጠራጠረ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ማማከር፣ ምግቡን መለወጥ ያለበትም ከዚያ በኋላ ነው።

አስተማማኞቹና አሳሳቾቹ እህሎች

ጤፍ ቀዳሚው አስተማማኝ እህል ነው። እ.አ.አ በ2005 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሥራ 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምሮ ለሴሊያክ ሕሙማን ጎጂ የሆነው የፕሮቲን ክፍል እንዳልተገኘባቸው አረጋግጧል። ነጭ፣ ሠርገኛና ቀይ ጤፍ በዚህ ረገድ ልዩነት የላቸውም።

ዳጉሳ ሁለተኛው ነው። ከግሉተን ነጻ ከመሆኑም በላይ በካልሲየም ከሌሎች አዝርዕት ይበልጣል፤ በ100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ 350 ሚሊ ግራም አካባቢ ካልሲየም ይገኛል። አንጀቱ ተጎድቶ ለቆየ ሰው፣ በተለይም አጥንቱ በማደግ ላይ ላለ ሕጻን ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በቆሎና ማሽላም በዚሁ ጎራ ናቸው። ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው ሩዝ ሌላው አማራጭ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተዋወቀው ሩዝ ዛሬ የፎገራ አርሶ አደር ዋና ሰብል ሆኗል፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። የአካባቢው ሰው ሩዝን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ መጋገር ከለመደ ቆይቷል።

ሽንብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተርና ጓያ፣ ከሥራ ሥር ደግሞ ድንችና ስኳር ድንች፣ ከቅባት እህል ኑግና ተልባ ሁሉም ግሉተን የላቸውም። የሜጫ አካባቢ አርሶ አደር በለመደው መንገድ ለቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ ምሬቱ የሚወጣለት ግብጦም እንዲሁ ነው።

በአንጻሩ አሳሳች ስሞች አሉ። አጃ አንዱ ነው። በአንዳንድ አካባቢ አጃ የሚባለው ቅርፊቱን ይዞ የሚወቃ የጥንት የስንዴ ዘር ነው፤ በሌላ አካባቢ ደግሞ በከተማ ሱቆች ለሾርባና ለገንፎ የሚሸጠው እህል ነው። የመጀመሪያው ራሱ ስንዴ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከስንዴና ከገብስ ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ አስተማማኝ አይደለም። ትሪቲካሌም አለ። በጎጃምና በጎንደር ደጋማ ቦታዎች የሚመረተው ይህ እህል የስንዴና የራይ ዲቃላ ነው። ለእንጀራ ከጤፍ ጋር ስለሚቀላቀል "ስንዴ አልገባበትም" የተባለ ዱቄት ትሪቲካሌ ሊኖረው ይችላል።

ከተዘጋጁ ምግቦች ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎና ገንፎ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ብስኩትና ፋፋ የተከለከሉ ናቸው። ጠላ ብቅሉ ከገብስ ወይም ከስንዴ ከሆነ አይጠጣም፤ ቢራም የሚጠመቀው ከገብስ ብቅል ነው። መብሰልም ሆነ መቡካት ግሉተንን አያጠፋውም።

ግማሽ ስኒ ዱቄት ኩንታል ያበላሻል

ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ አንድ ምግብ ከግሉተን ነጻ ለመባል በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ሊኖረው እንደሚገባ ይደነግጋል። ቁጥሩ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ በገበያ ሚዛን ማየት ይቻላል።

ከአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት 80 ግራም ያህሉ ግሉተን ነው ብለን እንነሳ። አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩንታል የጤፍ ዱቄት ውስጥ ቢገባ እያንዳንዱ ኪሎ ጤፍ 800 ሚሊ ግራም ግሉተን ይደርሰዋል፤ ይህም ከተፈቀደው 40 እጥፍ ነው። ገደቡ ላይ ለመድረስ የሚበቃው የስንዴ ዱቄት 25 ግራም ብቻ ነው። ይህ አንድ የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም። በፍሬ ቢቆጠር 600 ገደማ የስንዴ ፍሬ መሆኑ ነው።

"ትንሽ ነው፣ ምን ያደርጋል?" የሚለው አነጋገር ለሌላው ቤተሰብ ይሠራ ይሆናል፤ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ግን አይሠራም። ስለዚህ ስንዴና ገብስ ወደ ጤፍ የሚገባባቸውን በሮች አንድ በአንድ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በር አውድማው ነው። ከመሸንቲ ብዙም በማይርቀው የቆጋ መስኖ፣ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያለማ በተገነባው ግድብ ሥር፣ አርሶ አደሮች በበጋ ስንዴ ያመርታሉ። ለሀገር የስንዴ ፍላጎት ሥራው ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ስንዴ የተወቃበት አውድማ ሳይጠረግ ጤፍ ቢበራይበት፣ ስንዴ በነበረበት ማሳ ላይ በቀጣዩ ዓመት ራሱ የበቀለው ስንዴ ሳይነቀል ጤፉ ቢታጨድ ቅልቅሉ ከዚያው ይጀምራል።

ሁለተኛው በር ከረጢቱ ነው። ማዳበሪያ ከረጢት በየቤቱ ደጋግሞ ያገለግላል። ትናንት የስንዴ ዱቄት የያዘ ከረጢት ዛሬ ተራግፎ ጤፍ ይሞላበታል፤ በስፌቱ ውስጥ የቀረው ዱቄት ግን አይራገፍም። ቁናና ጣሳም እንዲሁ ከአንዱ እህል ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ።

ሦስተኛውና ትልቁ በር ወፍጮ ቤት ነው። በድንጋዩ መካከልና በአፈሳሹ ውስጥ ከቀዳሚው ደንበኛ እህል የቀረ ዱቄት አይጠፋም። ከጤፉ በፊት የተፈጨው ገብስ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች የጤፍና የገብስ ድብልቅ ሆነው ይወጣሉ። በአየር ላይ የሚበነው ዱቄትም በክፍት ዕቃ ላይ ያርፋል።

አራተኛው በር እርሾው ነው። እርሾ ከአንዱ ቡኮ ለሌላው የሚተርፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ገብስ ከተቀላቀለበት ሊጥ የተቀነሰ እርሾ ዛሬ ንጹሕ ጤፍ ላይ ሲጨመር ገብሱም አብሮ ይገባል። ከጎረቤት የተዋሱት እርሾ ደግሞ ምን እንደነበረበት እንኳ አይታወቅም።

የመጨረሻው በር ተጋግሮ የሚሸጠው እንጀራ ነው። የጤፍ ዋጋ ሲንር ጋጋሪዎች ዋጋቸውን ላለመጨመር ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ አንዳንዴም ገብስና ስንዴ ይቀላቅላሉ። ሩዙና በቆሎው ለሴሊያክ ሕመምተኛ አይከፉም፤ ገብሱና ስንዴው ግን ጎጂ ናቸው። ገዢው በዓይኑ መለየት አይችልም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተበረዘ ወይም ማንነቱ በተሳሳተ መንገድ የተገለጸ ምግብ መሸጥን ይከለክላል። ሆኖም በየመንደሩ የሚጋገር እንጀራ ምን ምን እንደገባበት የሚገልጽ ጽሑፍ አይለጠፍበትም። በዚህ ምክንያት ሕመሙ ላለበት ሰው ተገዝቶ ከሚገባ እንጀራ ይልቅ በቤት የተጋገረው ይመረጣል።

በአነስተኛ ወጪ መሸመት

ጤፍ ርካሽ እህል አይደለም። በሄክታር የሚገኘው ምርት በሀገር አቀፍ አማካይ ከ20 ኩንታል በታች ነው፤ በቆሎ የዚህን እጥፍ ያህል ይሰጣል። ለማረስ፣ ለማረምና ለማጨድ የሚጠይቀው ጉልበትም ብዙ ነው። በ2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ከ10 ሺህ ብር ማለፉ ይታወሳል። ያም ሆኖ ወጪን የሚቀንሱ መንገዶች አሉ፤ አብዛኞቹ ደግሞ ንጽሕናውንም ይጠብቃሉ።

አንደኛው በፍሬ መግዛት ነው። ዱቄት አንዴ ከተቀላቀለ መለየት አይቻልም፤ ፍሬ ግን ይለያል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በአንድ ግራም ውስጥ 3 ሺህ ያህል ይገኛል። በጠባብ ወንፊት ሲነፋ ጤፉ ያልፋል፤ ስንዴና ገብሱ ከላይ ይቀራሉ። ለዳጉሳም ዘዴው ይሠራል። በቆሎ ከስንዴ ስለሚበልጥ በሰፊ ወንፊት ሲነፋ ስንዴው ወደ ታች ይወርዳል። ሩዝ ግን መጠኑ ለስንዴ ስለሚቀርብ በሰፌድ ላይ አድርጎ በእጅ መልቀም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወቅትን መምረጥ ነው። በአካባቢው የጤፍና የዳጉሳ ምርት ከኅዳር ጀምሮ እየታጨደ ይወቃል። አርሶ አደሩ ለግብርና ለብድር ክፍያ እህሉን ወደ ገበያ በሚያወጣበት በታኅሣሥና በጥር ዋጋው ይረጋጋል። ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ይወደዳል። የዓመቱን እህል በአንዴ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ከሁለትና ከሦስት ቤተሰብ ጋር ሆኖ ኩንታሉን ቢካፈል በጣሳ ከመግዛት ይቆጥባል።

ሦስተኛው ነጩን ብቻ አለመፈለግ ነው። ማኛ ጤፍ የሚወደደው በንጣቱና በእንጀራው መልክ ነው። ከግሉተን ነጻ በመሆን ሠርገኛውና ቀዩ እኩል ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ዝቅ ይላል።

አራተኛው ራስን ቀላቃይ ማድረግ ነው። ወጪ ለመቀነስ ቅልቅል ማስፈለጉ ካልቀረ ቅልቅሉን ማወቁ ይሻላል። ስሌቱ ቀላል ነው። የዳጉሳ ዋጋ የጤፍ ግማሽ በሆነበት ጊዜ ሁለት እጅ ጤፍና አንድ እጅ ዳጉሳ የቀላቀለ ቤተሰብ ከእህል ወጪው አንድ ስድስተኛውን ያተርፋል። እኩል በእኩል ከሆነ ሩቡን ያተርፋል። ሩዝ ለመቀላቀል ለሚሻ ለዱቄት የሚሆነው የተሰባበረው ሩዝ ከሙሉው ይረክሳል። ገንፎውን ከበቆሎ ወይም ከዳጉሳ ማገንፋት፣ የገብስ ቆሎን በሽንብራ ቆሎ መተካት፣ ለቁርስም ድንች መቀቀል ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቁም።

አምስተኛው የሚገዙበትን ቦታ መምረጥ ነው። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና በከተሞች የተከፈቱ የቅዳሜና እሁድ ገበያዎች በደላላ እጅ የሚጨመረውን ዋጋ ለመቀነስ የታሰቡ ናቸው። ለሴሊያክ ሕመምተኛ ግን ከዋጋው እኩል የእህሉ ምንጭ ያሳስበዋል። እህሉ ከየት እንደመጣ፣ ማሳውና አውድማው ላይ ስንዴ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ የሚቻለው ከአምራቹ ወይም ከአምራቾች ማኅበር ሲገዛ ነው። በዚህ ረገድ እንደ መሸንቲ ያለች በአምራቾች የተከበበች ከተማ ነዋሪ ከአዲስ አበባው ሸማች የተሻለ ዕድል አለው።

ወፍጮ ቤት ሲኬድም ተራ መምረጥ ያስፈልጋል። ከስንዴና ከገብስ ቀጥሎ ሳይሆን ከበቆሎ፣ ከዳጉሳ ወይም ከሌላ ሰው ጤፍ ቀጥሎ ማስፈጨት ይመከራል። ከዚያም የመጀመሪያውን ሁለትና ሦስት ኪሎ ዱቄት ለይቶ ለሌላው የቤተሰብ አባል ማዋል ይቻላል። ከረጢቱ አዲስ ወይም ታጥቦ የደረቀ፣ በምልክት የተለየና ለዚሁ ብቻ የሚያገለግል ቢሆን ይመረጣል። እርሾውም ከንጹሕ ጤፍ አዲስ ተበጅቶ ለብቻው መቀመጥ አለበት።

በቤት ውስጥ ያለው አሠራርም ወጪ ላይ ለውጥ አለው። ከቤተሰቡ አንድ ልጅ ብቻ ስንዴ የተከለከለ ከሆነ ለእሱ ለብቻው ማቡካትና መጋገር ማገዶም ጊዜም ይፈጃል። እንጀራውን ለሁሉም ከንጹሕ ጤፍና ዳጉሳ ጋግሮ፣ ለሌሎቹ የሚገዛውን ዳቦ በተለየ ዕቃ ማስቀመጥ የሚቀል ይሆናል። በአንድ መሶብ ላይ ዳቦና እንጀራ ተደራርበው ከተቀመጡ ግን የወፍጮ ቤቱ ጥንቃቄ ከንቱ ይሆናል።

ገበታው የጋራ ሲሆን

ከእህሉ በላይ የሚከብደው ምናልባት ከቤት ውጭ ያለው ማዕድ ነው። በለቅሶ ቤት የሚቀርበው ንፍሮ ብዙ ጊዜ ስንዴ አለበት። በማኅበርና በዝክር ዳቦ ይቆረሳል፤ ጠላ ይቀዳል። በበዓል ድፎ ዳቦ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። "አልበላም" ማለት እንደ ንቀት ሊቆጠር ይችላል። ልጅ ደግሞ በትምህርት ቤት ጓደኛው ቆርሶ የሰጠውን አይመልስም።

ስለዚህ ዘመድ፣ ጎረቤትና መምህር ጉዳዩን ቢያውቁ ሕመምተኛው ይጠቀማል። ለአስተናጋጁ የሚጠይቀው ነገር ትልቅ አይደለም። ንፍሮው የሽንብራና የባቄላ ብቻ ሲሆን፣ የበዓሉ ቀን የበቆሎ ቂጣ ከድፎው ጎን ሲቀርብ፣ በጠላው ፈንታ ከማርና ከጌሾ የተጣለ ጠጅ ሲቀዳ ሕመምተኛው ከገበታው አይለይም። በወጥ በኩል ሽሮውና በርበሬው በቤት የተዘጋጀ ቢሆን ይመረጣል፤ ለማወፈር ተብሎ የስንዴ ዱቄት ጣል የሚደረግበት ጊዜ አለና።

ገበያው ለነጭነት ይከፍላል

ጤፍ ከግሉተን ነጻ መሆኑ የውጭ ነጋዴዎችን ዓይን ከሳበ ቆይቷል። እ.አ.አ በ2003 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ የአውሮፓ የፓተንት ቢሮም እ.አ.አ በ2007 ሰጠው። ኢትዮጵያውያን ለዘመናት ሲፈጩና ሲጋግሩ የኖሩት እህል በሌላ ስም መመዝገቡ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር። ክርክሩ ሄግ ለሚገኘው ፍርድ ቤት ቀርቦ እ.አ.አ በኅዳር 2018 ፍርድ ቤቱ አዲስ ፈጠራ የለበትም በሚል በኔዘርላንድ የተሰጠውን ፓተንት ውድቅ አደረገ።

ታሪኩ ለመሸንቲ አርሶ አደር የሚያስተምረው ነገር አለ። በውጭ ገበያ ጤፍን ተፈላጊ ያደረገው የእንጀራው ንጣት ሳይሆን ግሉተን የሌለው መሆኑ ነው። በአካባቢው ገበያ ግን ዋጋ የሚወስነው መልኩ ነው። ነጩ ይወደዳል፤ ሠርገኛው ይረክሳል። አውድማውን ጠርጎ፣ ከረጢቱን ለይቶ፣ ከማሳው የስንዴ ቡቃያ ነቅሎ ንጹሕ ጤፍ ያቀረበ አርሶ አደር ይህን ካላደረገው ጎረቤቱ የተለየ ዋጋ አያገኝም። ጥንቃቄው ጉልበት ይጠይቃል፤ ገበያው ግን አይከፍልበትም። ቅልቅሉ እንዲቀጥል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ምርምሩ ለምርታማነት ብዙ ሠርቷል። እ.አ.አ በ1970ዎቹ የጤፍ አበባ የሚከፈትበት የማለዳ ሰዓት በተመራማሪው ታረቀ በርሄ ከታወቀ በኋላ ጤፍን ማዳቀል ተቻለ። ከዚያ ሥራ ከተገኙት አንዱ፣ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.አ.አ በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ዝርያ፣ በምርቱና በንጣቱ በብዙ አካባቢ ተቀባይነት አግኝቷል። በክልላችንም የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል በጤፍና በዳጉሳ ላይ ይሠራል። የምርት መጠኑ ላይ የተሠራውን ያህል ከአጨዳ በኋላ ያለው አያያዝ ላይም ቢሠራ ንጽሕናው የሚሸጥ ዕሴት ይሆናል።

ለዚህ ቅርብ የሆኑት የአርሶ አደሮች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ባሕር ዳር እንደሚገኘው መርከብ ያሉ ዩኒየኖች መሠረታዊ ማኅበራትን ያቀፉ በመሆናቸው እህሉ ከየትኛው ቀበሌ እንደተሰበሰበ መለየት ይችላሉ። ትልቅ ፋብሪካ ሳያስፈልግ ከትንሽ መጀመር ይቻላል። ስንዴ የማያመርቱ አባላትን መለየት፣ ለእነሱ የተለየ ቀለም ያለው ከረጢት ማደል፣ መጋዘን ውስጥ ቦታ መለየትና በሳምንት አንድ ቀን ወፍጮውን አጽድቶ ጤፍና ዳጉሳ ብቻ መፍጨት በቂ ጅማሮ ነው። የወፍጮ ባለቤቶችም "የጤፍ ቀን" ብለው ቢለጥፉ ደንበኛ አያጡም፤ ስንዴ የተከለከለው ሰው ባይመጣ እንኳ ንጹሕ ጤፍ የሚፈልገው ሁሉ ይመጣል።

አርሶ አደሩም ሳይጠየቅ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ጤፍ ከስንዴ በፊት መውቃት፣ ካልሆነም አውድማውን አዲስ መለቅለቅ፣ የበቀለ ስንዴና ገብስ ከጤፍ ማሳ ሳያፈራ መንቀል፣ ሸራና ከረጢት መለየት ይገኙበታል። ገዢ "ስንዴ ነክቶታል ወይ?" ብሎ ሲጠይቅም የሚያውቀውን በሐቅ መመለስ ይገባል፤ በዚህ ጥያቄ ውስጥ የአንድ ሕጻን ጤና ሊኖር ይችላልና።

የሚቀጥለው የመኸር ምርት ወደ አውድማ ሲገባ ይህን መጀመር ይቻላል። ለአንድ ሕመምተኛ ተብሎ የተጠበቀ ንጹሕ ጤፍ ሌላውንም ሸማች ከብረዛ ያድነዋል።